በአውራ ጣት የተሸፈነው ቁጥር

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በራችን ሲደበደብ፣ የመጣው መርዶ መሆኑን ከአደበዳደቡ አውቄዋለሁ። በደህና የመጣ ሰው እንደዚያ አያንኳኳም።

«ጡሩምባ» የምንለው ዕቃ አድራሹ ሞተረኛ ነበር። ሌላ ቀን ገና መንገዱ ማዶ ሳለ ሰፈሩን በጡሩምባው የሚያናውጠው ልጅ፣ ያን ቀን ሞተሩን ሳያጠፋ ደጃፋችን ላይ አቁሞት፣ የራስ ቁሩን እንደ ሕፃን አቅፎ ቆሟል።

«እማማ… ጋሽ ወስፌ…»

«ምን ሆኑ?»

«ወድቀዋል። ብጠራቸው ብጠራቸው አይነሱም።»

ከኋላዬ የልጅ ልጄ ሚጣ ጮኸች። እናቷ ከሞተች ወዲህ እኔ ነኝ ያሳደግኋት። ሃያ አምስት ዓመት ሞላት ይሉኛል እንጂ፣ ለእኔ ዛሬም መንገድ ስትሻገር እጇን የምይዛት ልጅ ናት። «ሹራብ ደርቢ!» እያልኩ ስከተላት እሷ የመንገዱን ጥግ ታጥፋለች።

ጋሽ ወስፌ ቆዳ ጠጋኝ ነበሩ። ስማቸውን ያወጣላቸው ከእጃቸው የማይለየው ወስፌ ነው። የምንሠራው በጋራ ነው፦ ሚጣ ሰዎች የሰለቿቸውን ውድ ቦርሳዎች ትገዛለች፤ ጋሽ ወስፌ ቆዳውን ይጠግናሉ፤ እኔ የውስጡን ገበር አውጥቼ፣ አጥቤ፣ መልሼ እሰፋለሁ፤ ጓደኛዋ ፎቶ አንሺዋ ፎቶ አንስታ በካርቶን ታሽጋለች፤ ሚጣ ኢንተርኔት ላይ ትለጥፋለች፤ ገዢ ሲገኝ ጡሩምባ ያደርሳል። ያገለገለ ዕቃ ነው፤ ያገለገለ ነው ብለን ነው የምንሸጠው። ከዚህ በፊት ማንም «ምን ሠራችሁ» ብሎን አያውቅም ነበር።

ሱቃቸው ስንደርስ ጋሽ ወስፌ በጠረጴዛውና በስፌት መኪናው መካከል በግንባራቸው ተደፍተዋል። ጫማ አልብሰው የሚቀጠቅጡበት የብረት እግር አጠገባቸው ወድቋል፤ ጫፉ በደም ጠቁሯል። ጠረጴዛው ላይ ያለው መብራት ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ አድሯል። እኔን ግን ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው፦ የማስቲሹ ቆርቆሮ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ውስጡ ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል። እሳቸው ሰው ሰላም ለማለት እንኳ ቀና ሲሉ ማስቲሹን ይከድኑ ነበር።

*

ኢንስፔክተሩ ቀጠን ያለ፣ ግራ ጉንጩ ያበጠ ሰውዬ ነው። ጥርሱን ታሟል። ሲናገር አፉን በሩብ ነው የሚከፍተው፤ ስለዚህ የሚናገረው ሁሉ ዛቻ ይመስላል።

«በሩን ማን ከፈተው?» አለ።

«እኔ፣ ጌታዬ» አለ ጡሩምባ። «ተቆልፎ ነበር። ቁልፍ አለኝ።»

«ቁልፍ አለህ።»

«ካርቶን እንድወስድበት ራሳቸው ናቸው የሰጡኝ!»

«የእሳቸውስ ቁልፍ የት ገባ?»

ፖሊሶቹ ፈለጉ። ኪሳቸው ውስጥም፣ ሚስማሩ ላይም የለም። የገደላቸው ሰው ወጥቶ፣ ቆልፎ፣ ቁልፉን ይዞ ሄዷል ማለት ነው። ሐኪሙ ደግሞ የሞቱት ትናንት ሐሙስ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት እስከ አስራ ሁለት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው አለ።

«በዚያ ሰዓት የት ነበርክ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

ጡሩምባ ኪሱን ዳበሰ፤ ሌላውንም ዳበሰ። የተጨማደደ የትራፊክ ቅጣት ወረቀት አወጣ። «አስር ሰዓት ከአምስት። የከተማው ያኛው ጫፍ። ሞተሬንም እኔንም እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ጣቢያ አቆይተውናል። ትናንት ስረግመው ያመሸሁት ትራፊክ ዛሬ አዳነኝ፣ እማማ፤ እድሜ ይስጠው።»

የሳቀለት የለም። ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን አይቶ መለሰለትና የሕንጻውን ዘበኛ ጠራ።

«ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሰላም ብለውኛል» አለ ዘበኛው። «ከዚያ በኋላ ከኋላ በኩል ውሃ ስቀዳ ስለነበር ማን እንደ ገባ አላየሁም። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሳልፍ ተቆልፏል፤ መብራቱን ረስተውት ሄዱ አልኩ።»

«ጠላት ነበራቸው?»

ዘበኛው እግሩን አየ፤ ቀጥሎ ሚጣን አየ።

«ጠላት አልልም። ግን ትናንት ጠዋት ይህቺ ልጅ ስትጮህባቸው መንገደኛው ሁሉ ሰምቷል። ‹ሸጡኝ ጋሼ! እርስዎ ካልሆኑ ቁጥሩን ማን ሰጣቸው? ማን ቀየረው?› ስትል።»

«እሳቸውስ ምን መለሱ?»

«ምንም። ወስፌያቸውን እንደያዙ አቀርቅረው ሰሙ። እንደ በደለኛ።»

ያኔ አንዱ ፖሊስ ከጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ አንድ ገጽ ወረቀት አወጣ። በኮምፒውተር የተጻፈ ዝርዝር ነው፦ የአስራ አንድ ቦርሳዎች መልክና የውስጥ ቁጥር። ሚጣ ከሩቁ አይታው ፊቷ አመድ መሰለ።

«ይኸው» አለች። «እሳቸው ነበሩ።»

ምነው አፏን በያዝኩት! ኢንስፔክተሩ ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ።

*

ቤታችን መጥቶ ደብዳቤውን አነበበ። ባለፈው ቅዳሜ የደረሰን ነው፤ አናቱ ላይ የተጣመሩ ሁለት ቁልፎች ምልክት አለበት። የኩባንያው ምልክት ነው፤ በየቦርሳው ላይም ያው ነው። እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ስድስት ሌሊት ተኝቶብኛል።

«የደንበኛችንን የንግድ ምልክት በመጠቀም ያገለገሉ ዕቃዎችን መሸጥዎን በአስር ቀን ውስጥ እንዲያቆሙ፣ በዝርዝሩ የተመለከቱትን አስራ አንድ ቦርሳዎች እንዲያስረክቡ እናሳስባለን» ይላል። ይኼ አንሶ፣ ከታች፦ «በተራ ቁጥር ሰባት የተመለከተው ባለ ብርማ ዘለበት ቦርሳ፣ ውስጡ ያለው መለያ ቁጥር በደንበኛችን መዝገብ የባለ ወርቃማ ዘለበት ቦርሳ ቁጥር ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ዕቃው ፎርጅድ ሲሆን፣ በወንጀል እንዲጠየቁ እናደርጋለን።»

«ይኼ ቁጥር ምንድን ነው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

ሚጣ ከመደርደሪያ ቦርሳ አውርዳ ከፈተችለት። በውስጥ ኪሱ አፍ ላይ የጥፍር ስፋት ያላት ቁራጭ ቆዳ ተሰፍታለች፤ ቁጥሩ እሷ ላይ ታትሟል። «እያንዳንዱ ቦርሳ የራሱ አለው። ፎቶ ስናነሳ ሁላችንም፣ ሻጭ የሆነ ሁሉ፣ መጨረሻውን በአውራ ጣት እንሸፍነዋለን። አለበለዚያ ፎርጅድ ሠሪዎች ይገለብጡታል።»

«ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ሙሉ ቁጥር አይታይም።»

«በፍጹም።»

«ደብዳቤው ላይ ግን ሙሉው አለ። የሰጣቸው ሰው ቦርሳውን በእጁ የያዘ ነው» አለና ጉንጩን ያዘ። «አንቺም ጋሽ ወስፌ ናቸው አልሽ። ትናንት ከአስር እስከ አስራ ሁለት የት ነበርሽ?»

«ስዞር። ወንዙ ዳር።»

«ማን አየሽ?»

«ማንም። ሳለቅስ ማን እንዲያየኝ ነበር?»

እኔ መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ምላሴ ላይ መጥቶ ተመለሰ። ተነስቼ ቅርንፉድ አመጣሁና «በታመመው ጥርስ ንከሳት ልጄ» ብዬ ለኢንስፔክተሩ ሰጠሁት። ቅርንፉዱን ነከሰ፤ አመሰገነኝ፤ ልጄን ይዟት ሄደ።

*

ጣቢያው ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር አለ፤ አንዱ እግሩ አጭር ስለሆነ ሰው በተነሳ ቁጥር ያንገጫግጫል። ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ ዋልኩ። የኢንስፔክተሩ በር አይገጥምም፤ ውስጥ የሚባለው ሁሉ ይሰማል። «ቤትዎ ይሂዱ» ቢሉኝ «ልጄ ስትወጣ አብረን እንሄዳለን» አልኩ።

መጀመሪያ የገባው የኩባንያው ጠበቃ ነው። ጫማው ጩኸት የለውም።

«ሟቹን ያውቋቸዋል?»

«ረቡዕ ቢሮዬ መጥተው ነበር።»

«ለምን?»

«የደንበኛዬ ጉዳይ ነው። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካላመጡ አልናገርም።»

«የቦርሳዎቹን ቁጥር የሰጡዎት እሳቸው ናቸው?»

«እሱንም አልናገርም።» ወንበሩ ሲገፋ ተሰማኝ። «ኢንስፔክተር፣ እኔ ደብዳቤ ነው የምጽፈው። ደብዳቤ ሰው አይገድልም።»

ሲወጣ በአጠገቤ አለፈ። ሽቶው ቆየ። በልቤ፣ ጋሽ ወስፌ ረቡዕ እዚያ ምን ወሰዳቸው አልኩ። እውነትም ሸጠውን ይሆን? እንዲህ ብዬ ሞቶ ያልተቀበረ ሰው አማሁ፤ ይቅር ይበለኝ።

ቀጥሎ ፎቶ አንሺዋ መጣች፤ ከሚጣ ጋር አንድ ክፍል የተማረች፣ እኛ ቤት ስንት ቀን ያደረች ልጅ። ገና ስታየኝ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሐሙስ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ እቤት መጥታ የቆዳ ቀለም ቆርቆሮ ስትከፍት፣ ክዳኑ አውራ ጣቷን ቆርጧት ያሰርኩላት ፕላስተር ገና ጣቷ ላይ ነው። «አይዞሽ እማማ፣ ሚጣ ትወጣለች» አለችኝ። ከዘመድ ሁሉ እሷን አመሰገንኩ።

«ሐሙስ አስር ሰዓት ላይ?» አላት ኢንስፔክተሩ።

«ክፍሌ ነበርኩ፤ ፎቶ ሳነሳ። ረቡዕ የወሰድኩትን ሰማያዊ ቦርሳ። አስር ሰዓት ከሃያ ላይ ለሚጣ ልኬላታለሁ፤ ስልኳን እዩት። ቀን የተጻፈበት ወረቀት አብሮ አለ፤ ቦርሳው በእጃችን እንዳለ ገዢ እንዲያምን ሁሌ እናደርጋለን።»

«ሁለቱ ተጣልተው ነበር?»

ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፦ «ሚጣ ስትናደድ ራሷን አታውቅም። ግን… ሆን ብላ አይደለም። እርግጠኛ ነኝ፣ ሆን ብላ አይደለም።»

አቤት፣ ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ!

ወደ ማታ ኢንስፔክተሩ ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ወንበሩ አንገጫገጨ። «እማማ፣ ምክንያት አላት፤ የነበረችበትን የሚመሰክርላት የለም፤ ዝርዝሩ ሟቹ መሳቢያ ውስጥ ተገኝቷል። ዛሬ አትወጣም። ሰኞ ለዐቃቤ ሕግ እልካታለሁ።»

*

ያን ሌሊት እንቅልፍ የለም። ቅዳሜ ገና ሲነጋ ሁለት ቦርሳዎች በፌስታል ይዤ ጣቢያው በር ላይ ቆምኩ። ኢንስፔክተሩ ሲመጣ ክንዱን ያዝኩት።

«ልጄ፣ የማወራህን ስጨርስ እኔንም እሰረኝ።»

ክፍሉ ገብተን ቦርሳዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሁለቱ መንትያ ናቸው፤ አንዱ ወርቃማ ዘለበት፣ አንዱ ብርማ። ከሦስት ሳምንት በፊት በአንድ ቀን መጡ፤ በአንድ ቀን ገበራቸውን አወጣሁ፤ በአንድ ገመድ ላይ አሰጣሁ። ቁጥር ያለባቸውን ሁለቱን ቁራጭ ቆዳዎች ፈትቼ እንደ ሁልጊዜው በሁለት ሲኒ ለያይቼ ነበር። ዝናብ መጣ። ልብሱን ሳነሳ፣ መስኮቱን ስዘጋ፣ ሚጣ ጃንጥላ ሳትይዝ ወጣች ብዬ ስብሰለሰል፣ ሲኒዎቹን አነሳሁ፤ አስቀመጥኩ። የትኛው የማን እንደሆነ ሳላይ ሰፋሁ።

«አቀያየሩት» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ቁጥሮቹ እውነተኛ ናቸው። ቦርሳዎቹም እውነተኛ ናቸው። ፎርጅድ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። ደብዳቤው ሲነበብ ወዲያው ገባኝ። ሚጣ የታሸገውን ካርቶን ፊቴ ቀድዳ አየችውና ‹እምዬ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?› አለችኝ። ‹እኔ? አርባ ዓመት የሰፋሁት?› ብዬ ተቆጣኋት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። እሷም እኔን አምና እሳቸው ላይ ሄዳ ጮኸች።»

«ያስረዱኝ» አለ ኢንስፔክተሩ።

መቀስና መርፌ አውጥቼ የብርማውን ቁራጭ ቆዳ ፈታሁ። የፋብሪካው መርፌ የበሳው ቀዳዳ ከእኔ ስፌት ሥር አለ። ቁራጩ ቆዳ ላይ ዘጠኝ ቀዳዳ፤ የብርማው ኪስ ላይ ስምንት። የወርቃማውን ኪስ ገለበጥኩለት፤ ዘጠኝ። ቁራጩን አስጠጋሁት፤ ቀዳዳ በቀዳዳ ገጠመ።

ኢንስፔክተሩ ጉንጩን መያዙን ረሳ። ከፋይሉ ውስጥ መሳቢያው ውስጥ የተገኘውን ዝርዝር አወጣ። «ተራ ቁጥር ሰባት። ብርማ ዘለበት፣ ከወርቃማው ቁጥር ጋር።» ቀና አለ። «ጋሽ ወስፌ ቦርሳዎቹን በእጃቸው የያዙት መቼ ነው?»

«ከእኔ በፊት። ቆዳው ይቀድማል።»

«ያኔ ቁጥሮቹ በየቦታቸው ነበሩ። እሳቸው ቢጽፉት ብርማውን ከራሱ ቁጥር ጋር ነው የሚጽፉት። ሚጣስ?»

«ገና ስትገዛቸው ነው ደብተሯ ላይ የምትጽፈው። ደብተሯ ላይ ትክክል ነው፤ አለ።»

«ጡሩምባ?»

«የታሸገ ካርቶን ነው የሚይዘው።»

«እርስዎ ከሰፉ በኋላ፣ ካርቶኑ ከመታሸጉ በፊት ቦርሳውን ያየው ማነው?»

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን አንገቴ ላይ የተጠመጠመችውን ክንድ ገና እየተሰማኝ ነው።

«ፎቶ አንሺዋ» አልኩ። «ግን እሷ ያን ሰዓት ክፍሏ ነበረች። ፎቶው…»

የሚጣን ስልክ ከመሳቢያ አወጣ። ሰማያዊውን ቦርሳ አገኘ። የሐሙስ ቀን የተጻፈባት ወረቀት፣ የተከፈተው ኪስ፣ ቁጥሩ፣ ቁጥሩን የሸፈነው አውራ ጣት። «ዓይኔ አያይም» ስለው በሁለት ጣቱ ከፈት አድርጎ አተለቀልኝ። ጥፍሩ ጤነኛ ነው፤ ሙሉ፣ ሮዝ ቀለም የተቀባ።

«ልጄ» አልኩት፣ «ይህ ጣት ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ተቆርጧል። ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

*

እሷን ለማምጣት ማንም አልሄደም። በራሷ መጣች። ለሚጣ ሹራብ ይዛ። «ሌሊት ይበርዳታል ብዬ» አለችኝ። ሹራቡን ስቀበላት እጄ እጇን ነካ፤ እንደ በረዶ ነበር፤ የእሷ ይሁን የእኔ አላውቅም።

ኢንስፔክተሩ በሩን ከፈተልን። ስልኩን ፊቷ አስቀመጠ።

«ይህን ሐሙስ አስር ሰዓት ላይ ነው ያነሳሽው?»

«ነገርኳችሁ እኮ። ቀኑ ተጽፎበታል።»

«ጣቱ የማነው?»

«የእኔ። ሌላ ማን አለ?»

«ፕላስተሩስ?»

ፈገግ አለች። «ለፎቶ አውልቄው ነው። በፕላስተር ቦርሳ ይሸጣል እንዴ?»

ኢንስፔክተሩ አየኝ። እኔም ተነሳሁ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ጉልበቷ በተላጠ ቁጥር እንደማደርገው ፊቷ ተንበረከክሁ። «አምጪ ጣትሽን» አልኳት። ልትነጥቀኝ አልቻለችም፤ ልማድ ይሆናል። ፕላስተሩን ቀስ ብዬ ላጥኩት። ጥፍሯ ከጫፉ እስከ ግማሹ ተሰንጥቋል፤ ከሥሩ ደሙ ጠቁሯል።

«ፎቶው ላይ ያለው ጥፍር ሙሉ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። «ረቡዕ ማታ አንስተሽ፣ የሐሙስን ቀን ጽፈሽበት አስቀመጥሽው። ከጋሽ ወስፌ ሱቅ ሆነሽ ነው የላክሽው ወይስ ከመንገድ?»

ጣቷን ከእጄ አላወጣችም። ለእኔ ነው የነገረችኝ፤ እሱ እንደሌለ።

«ጠበቃው መጀመሪያ የጻፈው ለእኔ ነው፣ እማማ። ሦስት ቦርሳ ሸጬ ነበር። እከሳለሁ አለኝ። ሌሎቹን ከነቁጥራቸው ከሰጠሽኝ ያንቺን እተወዋለሁ አለኝ። አስራ ሁለት ሻጭ ሰጠሁት። ሚጣ የመጨረሻዋ ነች፤ እሷን ስንት ጊዜ ደብቄያት ነበር።»

«ጋሽ ወስፌስ?»

«ረቡዕ ከጠበቃው ቢሮ ስወጣ በር ላይ ተገጣጠምን። አልጮኹብኝም። ‹እስከ ሐሙስ ማታ ራስሽ ንገሪያት፤ ከእኔ ከምትሰማ ካንቺ ትስማ› አሉኝ። ሐሙስ ሱቃቸው የሄድኩት ለመለመን ነበር።»

«የተዘጋጀ ፎቶ ይዘሽ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ካልሰሙኝ ብዬ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «‹አይሆንም ልጄ› ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ማስቲሽ መቀባት ጀመሩ።»

ቁልፉ የካሜራዋ ቦርሳ ውስጥ ተገኘ፤ ዝርዝሩንም መሳቢያቸው ውስጥ የከተተችው እሷ መሆኗን አመነች። ስትወጣ ኮሪደሩ ውስጥ ከሚጣ ጋር ተላለፉ። ሹራቡ እጄ ላይ ነበር፤ ምን እንደማደርገው ጠፋኝ፤ በመጨረሻ ያው ወንበሩ ላይ ትቼው ወጣሁ።

*

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሩ ቤታችን መጣ። ጥርሱን አስነቅሎ ጉንጩ ጎድጉዷል። ሚጣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ከወጣች ጀምሮ ስለ ሲኒዎቹ አንድ ቃል አልጠየቀችኝም። ኢንስፔክተሩ እንደነገራት አውቃለሁ። ደብዳቤው አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አስሩ ቀን ነገ ይሞላል።

«ጠበቃው በትእዛዝ አስረከበን» አለና አንድ ወረቀት ከፖስታ አወጣ። «ጋሽ ወስፌ ረቡዕ የወሰዱለት ይኼን ነው። በእጃቸው የጻፉት ነው።»

ሚጣ ተቀብላ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

«ለተከበሩ ጠበቃ። በሁለቱ ቦርሳዎች ላይ ያለውን ቁጥር በስህተት ያቀያየርኩት እኔ፣ ቆዳ ጠጋኙ ነኝ። ልጅቷም አያቷም አያውቁም። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ…»

እዚያ ላይ ወረቀቱን ዝቅ አደረገችው።

ሚጣ የኩባንያውን ደብዳቤ ገና እንደደረሰን አሳይታቸው ነበር። አርባ ዓመት ቆዳ የበሳ ሰው አንድ ጊዜ ሲያነብ ገብቶታል፤ ገበሩን ፈትቶ የሚሰፋው ማን እንደሆነ ያውቃል። ያኔ ለልጄ «አያትሽን ጠይቂ» ቢሉ ኖሮ በቃ ነበር። የጠበቃውን ደጃፍም ባልረገጡት፣ ፎቶ አንሺዋንም እዚያ ባላገኟት።

«ዝም ያሉት ላንቺ ነው፣ እምዬ» አለች ሚጣ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ በተሻለኝ።

ኢንስፔክተሩ ሌላ ወረቀት ዘረጋ፤ ቅዳሜ የሰጠሁት ቃል ነው። ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ አንድ ቅጂ ለጠበቃው ይደርሳል። «ከፈረሙ በኋላ ኩባንያው ወደ እርስዎ ሊዞር ይችላል፣ እማማ። ይህን ልደብቅዎት አልችልም።»

«ታዲያ ወደ ማን ይዙር?»

ከኪሱ ሰማያዊ የቀለም ሳጥን አወጣ፤ ለአሮጊት ሁሉ የሚያወጣው ይሆናል። «አውራ ጣትዎን እዚህ ነክተው…»

ሚጣ ከመስኮቱ ዞራ አየችኝ። ከወጣች ወዲህ ዓይኗ ሙሉ ያረፈብኝ ያኔ ነው።

«ጣት የሸፈነው ይበቃል፣ ልጄ» አልኩት። «ብዕሩን ስጠኝ።»

ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም፣ አንድም ፊደል ሳላስቀር ጻፍኩ።